ፊኛዎ በቀዶ ጥገና ተሠርቶ ከሆነ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ጠጠር ይወቁ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለጎረቤት ቀርቶ ለቤተሰብም በግልጽ የማይነገር ነው። ከዓመታት በፊት የሽንት ፊኛቸው ተጎድቶ በቀዶ ጥገና የሰፋላቸው ወይም በአንጀት ቁራጭ አዲስ የተሠራላቸው ሰዎች በኡም ጋርጉርም ሆነ በአካባቢው ሊኖሩ ይችላሉ። አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ ካርቱም ታክመው ይሆናል። ብዙዎቹ ቁስሉ ስለዳነ፣ ሽንቱም ስለተገታላቸው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል።

ነገር ግን ቀዶ ጥገናው ከተሳካ ከ2፣ ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በኋላም ቢሆን በተሠራው ፊኛ ውስጥ ጠጠር ሊበቅል ይችላል። በተለያዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች ፊኛቸው በአንጀት ከሰፋላቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ10 እስከ 50 በሚሆኑት ላይ ጠጠር አግኝተዋል። ጠጠሩ በጊዜው ካልተገኘ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ እየዋለ እያደረም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ደስ የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በውሃ፣ በንጽሕናና በክትትል መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዛሬ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ነገ ከሚደርስብዎት ሌላ ቀዶ ጥገና ሊያድንዎት ይችላል።

ይህ ቀዶ ጥገና የሚደረገው ለማን ነው?

ጤናማ የሽንት ፊኛ ሲሞላ የሚለጠጥ፣ ሽንት ሲወጣ የሚጨማደድ የሥጋ ከረጢት ነው። በበሽታ ወይም በጉዳት ከጠበበ፣ ከተበላሸ ወይም በቀዶ ጥገና ከወጣ ሐኪሞች ከአንጀት ቁራጭ ወስደው ያሰፉታል ወይም አዲስ ይሠራሉ። ይህ ካልተቻለ ሽንት በሌላ መንገድ እንዲወጣ ያደርጋሉ፤ ይኸውም በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት፣ ወይም ወደ ትልቁ አንጀት ነው።

በእኛ አካባቢ ለዚህ የሚያደርሱት ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

• በረጅም ምጥ ምክንያት ፌስቱላ የደረሰባቸው እናቶች። አብዛኛው ፌስቱላ ቀዳዳውን በመስፋት ብቻ ይድናል። ፊኛቸው ጨርሶ የጠፋባቸው ጥቂቶች ግን ከዚህ የከበደ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል።
• ቢልሃርዚያ። በጀዚራ፣ በረሃድና በአዲስ ሐልፋ የመስኖ ቦዮች አካባቢ የታወቀ በሽታ ነው። በሽንት መንገድ የሚቀመጠው ዓይነት ለብዙ ዓመታት ሳይታከም ከቆየ ፊኛን ያደርቃል፣ ያጠባል፤ ለፊኛ ካንሰርም ያጋልጣል።
• በጥይት፣ በፈንጂ ወይም በመኪና አደጋ አከርካሪያቸው የተጎዳ፣ እንዲሁም ከአከርካሪ ችግር ጋር የተወለዱ ልጆች።
• የሽንት መንገድ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የያዛቸው።

ከአዲስ አበባ የምንማረው

ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ የፌስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ሆስፒታሉ በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች አቋቁሟል። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ድነው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ፊኛቸው ሊጠገን ላልቻለ ሴቶች ደግሞ የሽንት መንገድ የማስቀየር ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል።

እነዚህ ሴቶች ቀዶ ጥገናው ቢሳካም እንኳ ዕድሜ ልክ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ከሐኪም ርቆ ወዳለ የገጠር መንደር መመለስ ለብዙዎቹ አደጋ ነበረው። ስለዚህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ዳር «ደስታ መንደር» ተቋቋመላቸው፤ ሴቶቹ እዚያ እየኖሩ፣ ሙያ እየተማሩና እየሠሩ ሕክምናቸውን ይከታተሉ ነበር።

ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። እንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ከሐኪም ተለይቶ መቅረት የለበትም። በስደት ላይ የምንገኝ ሰዎች ደግሞ ካከመን ሐኪም ተለይተናል፤ ብዙዎቻችን የሕክምና ወረቀታችን በመንገድ ጠፍቶብናል። ስለዚህ ክትትሉን እዚሁ ባለንበት ቦታ መልሰን መጀመር አለብን።

ጠጠሩ ከየት ይመጣል?

ሻይ የሚያፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይተውት ያውቃሉ? ውሃ ሲቀመጥበትና ሲፈላበት ከርሞ ነጭ ነገር ይጋገርበታል። በተሠራው ፊኛ ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ምክንያቶቹ እነዚህ ናቸው።

1. ንፍጥ። አንጀት ከቦታው ተወስዶ ፊኛ ቢሆንም ተፈጥሮውን አይተውም፤ እንደ ቀድሞው ዝልግልግ ንፍጥ ያመነጫል። ይህ ንፍጥ በሽንት ውስጥ ሲከማች በሽንት ያሉ ማዕድኖች በላዩ ላይ ይጋገራሉ።

2. ተርፎ የሚቀር ሽንት። የተሠራው ፊኛ እንደ ጤነኛው ራሱን ጨምቆ ማውጣት አይችልም። ከታች ተጠራቅሞ የሚቀረው ሽንት እንደ ረጋ ኩሬ ነው፤ ዝቃጭ ይቀመጥበታል።

3. ተህዋስያን። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጣሉ። በዚህ ጊዜ ሽንቱ ይከረፋል፤ የአሲድነቱ መጠንም ስለሚቀንስ ማዕድኖች በፍጥነት ወደ ድንጋይነት ይለወጣሉ።

4. የውሃ ማነስ። በገዳሪፍ በበረታው የሙቀት ወቅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜም ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። ውሃው በላብ ስለሚያልቅ ሽንት ያንሳል፣ ይወፍራል።

5. የደም አሲድ መጨመር። አንጀቱ ከሽንት ውስጥ አሲድ መልሶ ወደ ደም ያስገባል። ሰውነት ይህን ለማስተካከል ከአጥንት ካልሲየም ያወጣል፤ ካልሲየሙም በሽንት በኩል ሲያልፍ ለጠጠር መሠረት ይሆናል።

«ውሃ ባልጠጣ አልረጥብም»

ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳት የነበረች ሴት ብዙ ጊዜ ውሃ ትቀንሳለች። ልብሷ እንዳይረጥብ፣ እንዳትሸት፣ ሰው እንዳይሸሻት ብላ ነው። ሐሳቧ የሚገባን ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ውሃ ሲቀንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠጠርም ይፈጥራል። በፌስቱላ ሕክምና ከቀዶ ጥገና በፊትም በኋላም ብዙ ውሃ እንዲጠጣ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ይህ ልማድ ከዳኑ በኋላም አብሮ ይቆያል። መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ወይም ሌሊት መውጣት ስለሚያስፈራ ማታ ማታ ውሃ የሚተዉ እህቶችም አሉ። ሌሊት መውጣት የሚያሰጋ ከሆነ ክዳን ያለው ባልዲ ወይም ፖፖ በቤት ያስቀምጡ፤ ውሃውን ግን አይተዉ።

ምን ምልክት ያሳያል?

• ሽንት ውስጥ ደም ወይም አሸዋ የመሰለ ነገር መታየት
• ደጋግሞ የሚመለስ የሽንት ኢንፌክሽን
• ተገትቶ የነበረ ሽንት እንደገና ማምለጥ
• ከእምብርት በታች ወይም በጎን ሕመም
• ካቴተር ሲያስገቡ የሚያጋጥም ነገር፣ ወይም የሽንቱ ጅረት በድንገት መቆም
• ከወትሮው የበዛ ንፍጥና የከረፋ ሽታ

ይህን ግን ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው ጠጠር እያለበት ምንም አይሰማውም። በተለይ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ሕመሙን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት «ጠጠር የለኝም» ማለት አይደለም።

በየቀኑ ምን ያድርጉ?

ውሃ ይጠጡ። በሙቀቱ ወራት በቀን 3 ሊትር፣ ማለትም 12 ኩባያ ያህል መጠጣት ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው ከዚህም በላይ። የ3 ሊትር ልክ ያለው ዕቃ ለይተው ጠዋት ከዚሩ ይሙሉና እስኪተኙ ይጨርሱት። በቂ መሆኑን የሚነግርዎት የሽንትዎ ቀለም ነው፤ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ውሃ አንሷል። ውሃ ላይ ሎሚ መጭመቅም ጠጠርን በመከላከል ሊረዳ ይችላል። ሻይና ቡና ብቻውን ውሃን አይተካም። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪም ጋር ይወስን።

ፊኛዎን አሟጥጠው ባዶ ያድርጉ። በቀን በየ3 እስከ 4 ሰዓቱ፣ ስሜቱ ባይመጣም እንኳ ሰዓት ጠብቀው ይሽኑ። በራሳቸው የሚሸኑ ሰዎች ተቀምጠው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ከእምብርት በታች በእጅ ቀስ አድርገው ይጫኑ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ይሞክሩ። ሌሊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይነሡ፤ የስልክ ደወል መጠቀም ይቻላል።

ካቴተር የሚጠቀሙ ከሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃክ ላፒደስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ካቴተር ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ከቤት ውስጥም በራስ እጅ መጠቀም እንደሚቻል አሳዩ። ስለዚህ ይህ በካምፕም የሚሠራ ዘዴ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ደጋግመው የሚጠቀሙበት ዓይነት ከሆነ ከተጠቀሙ በኋላ ካቴተሩን ውስጡንም ውጪውንም በሳሙናና በውሃ ያጥቡ፣ ያለቅልቁ፣ ከአቧራና ከዝንብ ርቆ ይድረቅ፤ ከዚያ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩት። የተሰነጠቀ ወይም የጠነከረ ካቴተር ይጣል። ለሌላ ሰው በፍጹም አያውሱ።

ንፍጡን ይጠቡ። በካቴተር የሚያጥቡ እንዲሆኑ ሐኪም የነገራቸው ሰዎች ይህን አያቋርጡ። ፊኛቸውን በየጊዜው በሚያጥቡ ሕሙማን ላይ ጠጠር በእጅጉ እንደሚቀንስ ታይቷል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። በጨው ውሃ እንዲያጥቡ ከታዘዙ ለ1 ሊትር የፈላ ውሃ አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። በትልቅ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ቀስ ብለው ያስገቡ፣ መልሰው ያውጡ፣ ፈሳሹ እስኪጠራ ይድገሙት። በኃይል አይግፉ። አሠራሩን ያላሳየዎት ሰው ከሌለ በራስዎ አይጀምሩ፤ ክሊኒክ መጥተው ይማሩ።

ሽንትዎ በሆድ ላይ ወይም በትልቁ አንጀት በኩል የሚወጣ ከሆነ ማጠቡ እርስዎን አይመለከትም። ውሃው፣ ሰዓት ጠብቆ መውጣቱና ክትትሉ ግን ለእርስዎም ነው፤ ጠጠሩ በኩላሊትም ሊሠራ ይችላልና። ሐኪም ለደም አሲድ ሶዲየም ባይካርቦኔት አዝዞልዎት ከሆነ ስለተሻለዎት ብቻ አይተዉት።

በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመሩ። ኩላሊትንና ፊኛን በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ መታየት፣ የኩላሊትና የደም አሲድ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ከ5 ዓመት በላይ ለሆናቸው የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይጨመራል። ምርመራውን ኸሪፍ ሳይገባ ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ዝናብ ጥሎ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሲሆን ከካምፕ ወደ ገዳሪፍ መድረስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ጾም

በረመዳን ቀኑን ሙሉ፣ በዐቢይ ጾምና በሌሎችም አጽዋማት እስከ ቀትር ወይም እስከ ማታ ውሃ የማይቀምሱ ሰዎች አሉ። በዚህ ሙቀት ከንጋት እስከ ምሽት ያለ ውሃ መዋል የተሠራ ፊኛ ላለው ሰው ለጠጠር መንገድ መክፈት ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ፈቃድ አላቸው። ለጤና ሠራተኛው ይንገሩ፤ ከዚያም ከሼኩ ወይም ከንስሐ አባትዎ ጋር ይማከሩ።

ጠጠር ከተገኘስ?

በተሠራ ፊኛ ውስጥ ያደገ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በራሱ አይወጣም። በገበያ የሚሸጥ ሥራ ሥርም ሆነ ዱቄት አያሟሟውም። የገብስ ውሃ ወይም አብሽ ቢጠጡ እንደ ፈሳሽ ይጠቅማል እንጂ ጠጠሩን አይሰብርም። ሐኪሞች ጠጠሩን በቀጭን መሣሪያ ሰብረው፣ ከሆድ በታች በትንሽ ቀዳዳ ገብተው ወይም በቀዶ ጥገና ከፍተው ያወጡታል። ስባሪው ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ የቀረችው ቅንጣት የሌላ ጠጠር ዘር ትሆናለች። ከወጣ በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ጥንቃቄው ይቀጥላል።

ኢንፌክሽን በመጣ ቁጥር ከሱቅ ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ገዝቶ መዋጥም አይጠቅምም። ባክቴሪያው ጠጠሩ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር መድኃኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ደጋግሞ የሚመለስ ኢንፌክሽን ካለብዎት «ጠጠር እንዳለብኝ ይታይልኝ» ብለው ይጠይቁ።

ቀደም ሲል ለሽንት መንገድ ልዩ ሕክምና ብዙ ሰው ወደ ካርቱምና ወደ ወድ መደኒ ይሄድ ነበር። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ግን ብዙ ሆስፒታሎች ተጎድተዋል፣ መንገዶችም ተቃውሰዋል። በራስዎ ገንዘብ ተበድረው ከመነሣትዎ በፊት ሪፈር የሚጻፈው ወዴት እንደሆነ ክሊኒኩን ይጠይቁ። ሕክምናው በራቀ መጠን መከላከሉ ይበልጥ ዋጋ አለው።

እስከ ነገ የማይቆዩ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ በዚያው ሰዓት ሌሊትም ቢሆን ወደ ክሊኒክ ይምጡ።

• ድንገተኛ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መነፋት ወይም የትከሻ ሕመም። የተሠራው ፊኛ ቀዶ ሽንት ወደ ሆድ ፈስሶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለሕይወት ያሰጋል።
• ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ሕመም ጋር
• ሽንት ጨርሶ እንቢ ማለት፣ ወይም ካቴተር አልገባም ማለት
• ከባድ ድካም፣ ማስታወክ፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ

እንደደረሱ ከሁሉ አስቀድመው «ፊኛዬ በአንጀት የተሠራ ነው» ይበሉ። ይህን ያላወቀ ሐኪም ተራ የሆድ ቁርጠት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ የቀዶ ጥገናው ዓይነት፣ ዓመቱና የተሠራበት ከተማ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ጤና ሠራተኛው እንዲጽፍልዎት ያድርጉ። በላስቲክ ጠቅልለው ከራሽን ካርድዎ ጋር ያኑሩት። የድሮው ወረቀት ቢጠፋም የሚያስታውሱትን ይንገሩ፤ የቁስሉ ጠባሳም ለሐኪሙ ብዙ ይናገራል።

ለበጎ ፈቃድ ጤና ሠራተኞች

ቤት ለቤት ስትዘዋወሩ «ሽንት ያመልጥሻል?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ። ለብቻ ስትሆኑ «ከዚህ በፊት በሆድ ወይም በፊኛ ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎት ያውቃል?» ማለት ይበቃል። ሴትን ሴት በጎ ፈቃደኛ ብታነጋግራት ይሻላል። የሰማችሁት ከክሊኒኩ አልፎ እንዳይወጣ። አንዴ ምስጢሯ የወጣባት እናት ሁለተኛ አትናገርም።

በተሠራ ፊኛ ውስጥ ንፍጥና ባክቴሪያ ሁልጊዜ ስለሚገኙ የሽንት ምርመራ ወረቀት ብዙ ጊዜ ቀለም ይለውጣል። ሰውየው ትኩሳት፣ ሕመም ወይም ሌላ ምልክት ከሌለው በዚህ ብቻ መድኃኒት አይሰጥም፤ ውሳኔውን ለክሊኒኩ ተዉ። እናንተ የምታዩት ሦስት ነገር ነው፤ ውሃ ይጠጣሉ ወይ? ሰዓት ጠብቀው አሟጥጠው ይሸናሉ ወይ? በዚህ ዓመት ታይተዋል ወይ? ከሦስቱ አንዱ «አይ» ከሆነ ወደ ክሊኒክ ይዛችኋቸው ኑ። ዚራቸው ባዶ ከሆነ፣ ወይም ውሃ የሚቀዳላቸው ከሌለ፣ ያንንም ንገሩን፤ ለእነዚህ ሰዎች ውሃ እንደ መድኃኒት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። ፊኛዎ የተሠራ ከሆነ የሚያፍሩበት ነገር የለም፤ ከከባድ መከራ ተርፈዋል። በዚህ ሳምንት ክሊኒክ መጥተው ስምዎን ለክትትል ያስመዝግቡ። እስከዚያው ግን ይህን ጽሑፍ አንብበው እንደጨረሱ አንድ ኩባያ ውሃ ይጠጡ።